የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ በሬው፣ አህያዋና የገና በግ

ለልደት እትማችን ከደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ በግርግሙ ዙሪያ ስለሚሣሉት እንስሳት፣ ስለ ዕጣኑና ስለ በዓሉ በግ የሚያነሡ ናቸው። አምስቱን መርጠን መልሰናል።

ጥያቄ፦ የሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 2ን ደጋግሜ አነበብሁት። ሕፃኑ በግርግም መተኛቱን እንጂ በሬና አህያ እንደነበሩ አይናገርም። በልደት ሥዕሎች ላይ ግን አይጠፉም። ከየት መጡ? (ከደሴ)

መልስ፦ ልክ ነዎት፤ ሉቃስ ከእረኞቹ መንጋ በቀር እንስሳ አይጠቅስም። በሬውና አህያዋ የመጡት ከነቢያት ነው። ኢሳይያስ 1፥3 ላይ «በሬ የገዢውን አህያም የጌታውን ጋጣ አወቀ፤ እስራኤል ግን አላወቀም» ተብሏል። ጌታ የተኛው ከብት በሚመገብበት ቦታ ስለሆነ፣ የጥንት ክርስቲያኖች ይህን ቃል ሲያነቡ የልደቱን ሌሊት አዩበት። ሁለተኛው ምንጭ ዳዊት ለሚደግም ሰው እንግዳ አይደለም። ከመዝሙራቱ በኋላ በሚገኘው ጸሎተ ዕንባቆም፣ በሰብዓ ሊቃናት (በጥንቱ የግሪክ) ትርጉምና በግእዙ፣ እግዚአብሔር በሁለት እንስሳት መካከል እንደሚታወቅ ይነገራል። ከዕብራይስጡ የተተረጎመው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ በዚያ ቦታ «በዓመታት መካከል» ስለሚል፣ ምንጩን ፈልገው ያጡት ብዙዎች ናቸው።

ሥዕሉም ጥንታዊ ነው። በሚላኖ ቅዱስ አምብሮስ ቤተ ክርስቲያን ባለ የ4ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ የድንጋይ ሣጥን ላይ፣ በጨርቅ የተጠቀለለው ሕፃን በበሬና በአህያ መካከል ተቀርጿል፤ እመቤታችንም ዮሴፍም በዚያ ቅርጽ ላይ የሉም። ለዚያ ዘመን ሰው ልደትን ለማሳወቅ ሁለቱ እንስሳት ይበቁ ነበር ማለት ነው። በዚያው መቶ ዘመን የቤተ ክርስቲያን አባት የሆነው ጎርጎርዮስ ዘእንዚናዙ በልደት ስብከቱ አድማጩን እንደ በሬው ባለቤቱን፣ እንደ አህያዋም የጌታውን ግርግም እንዲያውቅ ይመክረዋል።

ለምን እነዚህ ሁለቱ? በኦሪት በሬ ሰኮናው የተሰነጠቀና የሚያመሰኳ በመሆኑ ንጹሕ ነው፤ አህያ ግን ሁለቱም የላትም። ዘዳግም 22፥10 «በበሬና በአህያ በአንድነት አትረስ» ይላል። የገበሬ ልጅ ምክንያቱን በቀላሉ ያየዋል፦ ቁመታቸው፣ ጉልበታቸውና እርምጃቸው ስለሚለያይ ቀንበሩ ያዘማል፣ ደካማዋም ትቆስላለች። አበው በሬውን በሕግ ቀንበር ሥር ላሉት ለእስራኤል፣ አህያዋን ለአሕዛብ ምሳሌ አድርገው ተረጎሙ። በአንድ ቀንበር ሊጠመዱ ያልተፈቀደላቸው ሁለቱ በአንድ ግርግም ተገናኙ። በልደት ሥዕል ላይ ከዚህ የጠለቀ ነገር ያለ አይመስለንም።

እንስሳቱ በእስትንፋሳቸው አሟሟቁት የሚለው በቤተ ክርስቲያናችን የሚነገር ትውፊት ነው። ቤተ ልሔም ከባሕር ጠለል 770 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ከተማ ስትሆን፣ በጥር ሌሊት ቅዝቃዜው ወደ 5 ዲግሪ ይወርዳል። የበሬ የሰውነት ሙቀት ደግሞ 38.5 ዲግሪ ገደማ ነው። በጠባብ የኖራ ድንጋይ ዋሻ ውስጥ ከከብት ጋር ማደር ምን ያህል እንደሚያሞቅ፣ በደጋ ከብቱን ቤት አስገብቶ የሚያድር ሰው ያውቀዋል።

ጥያቄ፦ በዚያ ብርድ በጎች ሜዳ አያድሩም፤ ስለዚህ ልደት በታኅሣሥ ሊሆን አይችልም የሚሉ አሉ። ምን ትላላችሁ? (ከአዳማ)

መልስ፦ መከራከሪያው ደካማ ነው። በቤተ ልሔም አካባቢ ዝናቡ በጥቅምትና በኅዳር ስለሚጀምር በታኅሣሥ መጨረሻ ሣሩ ለምለም ነው። የአካባቢው ላታም በግ፣ አዋሲ የሚባለው፣ ጠጉሩ ወፍራም ሲሆን የሚወልደውም በአብዛኛው በክረምታቸው ወራት ነው። ግልገል በሚወለድበት ወቅት ደግሞ እረኛ ሌሊቱን ነቅቶ ይጠብቃል። ይህ ቀኑን አያረጋግጥም፤ ብርዱ ቀኑን ውድቅ ያደርጋል የሚለውን ብቻ ያፈርሳል። ቤተ ክርስቲያናችን ቀኑን የምትቆጥረው ከመጋቢት 29 ጽንሰት አንሥታ 9 ወር ከ5 ቀን ነው። ጳጉሜን 6 ስትሆን በቀጣዩ ዘመነ ዮሐንስ በዓሉ ታኅሣሥ 28 የሚውለውም ለዚሁ ነው። ከበዓሉ በፊት ያለው ሳምንት፣ ከታኅሣሥ 21 እስከ 27፣ ኖላዊ ተብሎ የእረኝነት ምስጋና የሚቀርብበት መሆኑንም ልብ ይበሉ።

ጥያቄ፦ የሰንበት ትምህርት ቤታችን የልደትን ትርኢት በእውነተኛ በግና አህያ ሊያሳይ አስቧል። ምን እንጠንቀቅ? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ ሐሳቡ አዲስ አይደለም፤ የካቶሊኩ ቅዱስ ፍራንቸስኮስ ዘአሲዚ በ1223 እ.ኤ.አ. በጣልያን ግሬቾ መንደር በሬና አህያ አቁሞ እንዲሁ አድርጓል። መጀመሪያ የደብሩን አስተዳዳሪ አስፈቅዱ፤ ቦታውንም ከቅጽረ ቤተ ክርስቲያኑ ውጭ አድርጉት።

በግ ብቻውን ሲሆን ይደነግጣል፣ አጥር ጥሶም ይሮጣል፤ ስለዚህ አብረው የኖሩ ሁለት ወይም ሦስት አምጡ። እርጉዝና ገና የወለደች አትምጣ። አህያዋ ሰው የለመደች ትሁን፤ ባለቤቷም ከአጠገቧ አይራቅ። ትርኢቱ ከመጀመሩ 2 ሰዓት ቀደም ብለው ይድረሱና ውኃ ጠጥተው ቦታውን ይልመዱ። በጎቹን ከማሰር ይልቅ 1 ሜትር ከፍታ ባለው የእንጨት በረት ማስገባት ይሻላል፤ ረጅም ገመድ እግር ላይ ይጠመጠማል፣ ያንቃልም። አህያዋን በአጭር ገመድ፣ ሲጎተት ወዲያው በሚፈታ ቋጠሮ እሰሯት። ከኋላዋ 2 ሜትር ያህል ክፍት ይሁን፤ ልጆች ከፊት በጎን በኩል ይቅረቡ። ድምፅ ማጉያውን ወደ ሕዝቡ አዙሩት። ከ40 ደቂቃ በላይ አታቁሟቸው።

ሁለት አደጋዎችን በተለይ ጠብቁ። አንደኛው እሳት ነው፤ ድርቆሽ ባለበት ጧፍ አይብራ፤ በባትሪ መብራት ተጠቀሙ፤ አሸዋና ውኃም በባልዲ ይዘጋጅ። ሁለተኛው ዳቦ ነው። ልጆች በፍቅር ዳቦና ቆሎ ያጎርሷቸዋል። ሣር የለመደ በግ ድንገት ብዙ እህል ወይም ዳቦ ሲበላ ሆዱ ውስጥ በፍጥነት ይብላላና አሲድ ይፈጥራል፤ ማመስኳቱን ያቆማል፣ ይነፋል፣ በአንድ ቀን ውስጥም ሊሞት ይችላል። ለልጆቹ እፍኝ እፍኝ ድርቆሽ ስጧቸው፤ ሲጨርሱ እጃቸውን በሳሙና ይታጠቡ። በግርግሙ ሕፃን ልጅ አታስተኙ፤ የልደቱን ሥዕል አኑሩበት።

ጥያቄ፦ ሰብአ ሰገል ያመጡት ዕጣን ከእኛ አገር ነው? አፓርታማ ውስጥስ እንዴት ላጢስ? (ከሜሪላንድ)

መልስ፦ ወንጌሉ ከየት እንደሆነ አይናገርም። የዕጣን ዛፍ የሚበቅለው በአብዛኛው በደቡብ ዓረቢያና በአፍሪካ ቀንድ ነው። የእኛው ዝርያ በትግራይ፣ በመተማ አካባቢና በቤንሻንጉል ቆላ ይገኛል። ቅጠሉ በረገፈበት በበጋ ቅርፊቱ በስሱ ይላጣል፤ ነጭ ፈሳሹ ሲደርቅ ይለቀምና ቁስሉ እንደገና ይታደሳል። ቁስሉ ሲበዛ፣ እንጨቱ ድረስ ሲጠልቅ ወይም ዛፉ ዓመታት ሳያርፍ ሲቀር፣ ለአበባና ለፍሬ የሚሆነው ስንቅ ወደ ሙጫ ይሄዳል፤ የሚያፈራው ዘር ያንሳል፣ ብዙውም አይበቅልም። ከብት ቡቃያውን ሲበላና ሰደድ እሳት ሲጨመር፣ በብዙ ቦታ አሮጌ ዛፎች ብቻ ቀርተው ተተኪ ታጥቷል። የቅዳሴያችን ዕጣን የሚመጣው ከእነዚህ ዛፎች ስለሆነ ጉዳዩ የቤተ ክርስቲያንም ነው።

ሲያጤሱ ከሰሉ ሙሉ በሙሉ ቀልቶ አመድ ይልበስ፤ ከዚያ የአተር ፍሬ የምታክል ሁለት ሦስት ፍሬ ይበቃል። ቤቱን የሚያጥነው ብዛቱ አይደለም፤ ሲበዛ ይቃጠልና መራራ ጭስ ይሆናል። መስኮት ይክፈቱ፤ የከሰል ጋዝ አይታይም፣ አይሸትም፣ ይገድላል። የጭስ ማንቂያውን በፍጹም አይንቀሉ፤ ሲተኙም ከሰሉን ውኃ አፍስሰው ያጥፉት።

ጥያቄ፦ የበዓሉን በግ ስንገዛና ስናርድ ምን እናድርግ? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ከንፈሩን ገልጠው የታች ጥርሱን ይዩ። ስምንቱም ትንንሽ ከሆኑ ገና ለጋ ነው፤ መካከለኛዎቹ ሁለቱ ተተክተው ሰፊ ከሆኑ ከአንድ ዓመት እስከ ዓመት ተኩል ገደማ ነው። ዐይኑ የጠራ፣ አፍንጫው ንፍጥ የሌለው፣ ጅራቱ ሥር በፋንድያ ያልተበከለ ይሁን። ጀርባውንም በጣት ይዳብሱ፤ አከርካሪው እንደ መጋዝ ከተሰማዎት ጠጉሩ አታሎዎታል። እግሩን አስረው ቁልቁል አንጠልጥለው ወይም በመኪና የኋላ ዕቃ መጫኛ አፍነው አይውሰዱት። ከመታረዱ አንድ ቀን በፊት ይምጣና ውኃ እየጠጣ ይረፍ። የተንገላታ በግ የጡንቻው ስንቅ ስለሚያልቅ ሥጋው ጠቁሮ ይደርቃል፣ ቶሎም ይበላሻል። ቢላውን አስቀድመው ይሳሉ፣ በጉም ሲሳል አይየው፤ ሁለት ከሆኑ አንዱን በሌላው ፊት አይረዱ። በዓሉ ረቡዕ ወይም ዓርብ ቢውልም ይፈሰካል፤ ስለዚህ ዕርዱን ወደ ሌላ ቀን ማዛወር አያስፈልግም።