ከዳኞቹ በፊት የሚያርማችሁ ሰው ፈልጉ

ውድ ልጆቼ፣

የጉማ የፊልም ሽልማት እጩዎች በታወቁ ቁጥር ከባሕር ዳርም ከደብረ ማርቆስም ትደውሉልኛላችሁ፤ ጥያቄያችሁም አብዛኛውን ጊዜ «የእኛ ሥራ መቼ ይሆን እዚያ መድረክ ላይ የሚጠራው?» የሚል ነው። ምኞታችሁ ተገቢ ነው። ይህ በ2006 ዓ.ም. የተጀመረ፣ ስሙንም ከሚሼል ፓፓታኪስ «ጉማ» ፊልም የወሰደ ሽልማት እኔ በእናንተ ዕድሜ ሳለሁ አልነበረም፤ ቢኖር ኖሮ እኔም በጉጉት እጠብቀው ነበር።

የሽልማት ምሽት ትልቁ ጥቅም፣ በእኔ እምነት፣ ሙያዎቹን ለየብቻ ማስመዘኑ ነው። የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» በ2000 ዓ.ም. በቬኒስ የፊልም ፌስቲቫል የዳኞች ልዩ ሽልማት ሲያገኝ፣ የፊልሙ ጽሑፍም ራሱን ችሎ በምርጥ ድርሰትነት ተሸልሟል። ስለዚህ የምርጥ ተዋናይ ስም ሲጠራ ብቻ ሳይሆን የኤዲቲንጉ፣ የሜካፑና የድምፁ ተሸላሚ ሲጠራም ጆሯችሁን ስጡ፤ ፊልሙንም ፈልጋችሁ በዚያ ሙያ ዓይን ዳግም እዩት።

እኔ ዘመኔን ያሳለፍሁት በድምፅ ሥራ ነው። በወጣትነቴ ከጓደኞቼ ጋር አንድ አጭር ድራማ በክረምት ጢስ ዓባይ ፏፏቴ አጠገብ ቀርጸን፣ ለማንም ሳናሳይ ለውድድር ላክን። ከዳኞቹ አንዱ፣ ምስሉ መልካም ቢሆንም ሰዎቹ የሚናገሩትን መስማት እንዳልቻሉ ጽፈው መለሱልን። እኛ ግን ለወራት ደጋግመን ስላየነው ንግግሩን በቃላችን ይዘነው ነበርና፣ ውኃው የዋጠውን ቃል ሁሉ የሰማነው ይመስለን ነበር። ማይክሮፎኑን ወደ ተዋናዮቹ ማስጠጋት፣ የውኃውን ድምፅ ለብቻው መቅዳት፣ ካልሆነም ንግግሩን ጸጥ ባለ ቦታ እንደገና ማስቀዳት እንችል ነበር። ሐዘኑ እስካሁን አልለቀቀኝም፤ ስህተቱ አንድ እንግዳ ጆሮ ቢሰማው ኖሮ በአንድ ምሽት ይታወቅ ነበር።

እናንተ በቅኔ ትምህርት የታወቁት የዋሸራና የዲማ አገር ልጆች ናችሁ። በቅኔ ቤት ተማሪው ለብቻው ሲቆጥር፣ ማለትም ሲደርስ፣ የዋለውን ቅኔ መምህሩ ፊት ቀርቦ ይነግራል፤ መምህሩም የተሳተውን ያርሙለታል። በማኅበር ፊት ቆሞ «ይበል!» የሚባለው ከስንት እርማት በኋላ ነው። በፊልም ሥራችን የጎደለን ይህ እርማት ይመስለኛል፤ ብዙዎቻችሁ ሥራችሁን መጀመሪያ የምታሰሙት ለዳኛ ነው።

ስለዚህ ኤዲቲንጉ ሳይዘጋ፣ ድርሰቱን ያላነበበና ቀረጻው ላይ ያልነበረ አንድ ሰው ጋብዙ፤ የሚያደንቃችሁ ሳይሆን ስህተታችሁን ለመናገር የማያፍራችሁ ይሁን። መጀመሪያ ስክሪኑን አጥፉና ድምፁን ብቻ አሰሙት፤ የሰማውን ታሪክ በራሱ ቃል ይንገራችሁ፤ እናንተም ሳትከራከሩ ጻፉ። የተሳሳተበትን ቦታ ካረማችሁ በኋላ ለሌላ ሰው አሰሙ፤ ለእጩነት የምትልኩት ከዚያ ወዲያ ይሁን።