ፎቶው የማን ነው? ፊቱስ የማን ነው?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል ከአዲስ አበባ ዳርቻ የተላኩ ሦስቱ ስለ ተሰረቀ ፎቶ የሚጠይቁ በመሆናቸው በአንድነት ለመመለስ ወስነናል። የጠያቂዎቹን ስም በራሳቸው ፈቃድ አላተምንም።

ጥያቄ (ከኮዬ ፈጬ)፦ በኮንዶሚኒየም ቤቴ ውስጥ የሐበሻ ቀሚስ በትእዛዝ እሰፋለሁ። ጨርቁን ከሽሮ ሜዳ አመጣለሁ፤ ደንበኞቼን የማገኘው በቴሌግራም ቻናሌ ነው። ባለፈው ወር ሁለት ሴቶች ቤቴ ድረስ መጥተው «ቀብድ ከፍለን ቀሚሳችን የት ደረሰ?» ብለው ጮኹብኝ። ለካ የእኔን ፎቶዎች በሙሉ ወስዶ በሌላ ስም የሚሸጥ ቻናል ኖሮ፣ እያንዳንዳቸው 3,000 ብር በቴሌብር ልከውለታል። ወደ እኔ የመራቻቸው በፎቶው ላይ በረንዳዬን ያወቀች ጎረቤት ናት። ከገንዘቡ አንድም ሳንቲም አላየሁም፤ በሰፈሩ ግን ሌባዋ እኔ መሰልኩ። ፎቶዎቹን የሚያነሣልኝ የእኅቴ ልጅ ነው። የእኔ መሆናቸውን በምን ላስረዳ? ለማንስ ላመልክት?

መልስ፦ የተከበሩ እኅታችን፣ በጎረቤት ፊት ስለ ደረሰብዎ ኀፍረት ከልቤ አዝኛለሁ። አሁን የምለምንዎ ነገር ቢኖር፣ ማስረጃውን ሰብስበው ሳይጨርሱ ለሌባው ቻናል አንዲት ቃል እንኳ እንዳይጽፉ፣ በራስዎም ቻናል ላይ እንዳያውጁ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት እኔ ያነሣሁትን የገበያ ፎቶ አንድ የንግድ ድርጅት ለማስታወቂያ ሲጠቀምበት አይቼ በንዴት ወዲያው ደወልሁ። ፎቶው በአንድ ሰዓት ውስጥ ከገጹ ጠፋ፤ እኔም የማሳየው ነገር ስላልነበረኝ ጉዳዩ በዚያው ተዘጋ። ያንን ቀን እስከ ዛሬ እቆጭበታለሁ።

ስለዚህ መጀመሪያ ስክሪንሾት ያንሡ። በስክሪንሾቱ ላይ ፎቶው ብቻ ሳይሆን የቻናሉ ስም፣ የተጠቃሚ መለያው፣ የተከታዮቹ ብዛት፣ ፎቶው የተለጠፈበት ቀንና ሰዓት አብረው ይታዩ። የእያንዳንዱን ልጥፍ ሊንክ ኮፒ አድርገው በአንድ ቦታ ያስቀምጡ፤ የቴሌግራም ቻናል ባለቤት ስሙንም መለያውንም በፈለገ ጊዜ መለወጥ ስለሚችል፣ ዛሬ በዚህ ስም የሚጠራው ቻናል ነገ በሌላ ስም ሊገኝ ይችላል። ከተቻለ ደግሞ ከቻናሉ መግቢያ ጀምሮ እስከ ፎቶው ድረስ ሲገቡ የሚያሳይ አጭር ቪዲዮ በሌላ ስልክ ይቅረጹ።

ፎቶው ከእርስዎ ቤት የወጣ መሆኑን ለማስረዳት ከሁሉ የሚበልጠው ማስረጃ በእኅትዎ ልጅ ስልክ ውስጥ ያለው የመጀመሪያው ፋይል ነው። ስልክ ፎቶ ሲያነሣ ከምስሉ ጋር የተነሣበትን ቀንና ሰዓት፣ የስልኩን ዓይነት፣ የቦታ አገልግሎት ክፍት ከሆነም የተነሣበትን ስፍራ አብሮ ይመዘግባል። ፎቶው በቴሌግራም በተለመደው መንገድ ሲላክ ግን መጠኑ ይቀንሳል፣ ይህም መረጃ ይራገፋል። እንግዲህ ሌባው ያለው የተቀነሰው ቅጂ ነው፤ እናንተ ዘንድ ያለው ትልቁና ሙሉው ነው። በተጨማሪም ያንኑ ቀሚስ ከሌላ አቅጣጫ ያነሣችኋቸውና ያልለጠፋችኋቸው ፎቶዎች ካሉ እነርሱን ሌባው ከየትም ሊያመጣቸው አይችልም። አንዳቸውንም አያጥፉ፤ ስልክ ሞላ ተብሎ የሚጠፋው ፎቶ ብዙ ጊዜ የሚያስፈልገው እርሱ ነው። ለፖሊስ ወይም ለሕግ ባለሙያ በቴሌግራም መላክ ካለብዎ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ይላኩት፤ በዚያ መንገድ ሲላክ መረጃው አይነካም።

ሌቦች ፎቶውን እንዳይታወቅ ጠርዙን ይቆርጡታል ወይም ግራና ቀኙን ይገለብጡታል። የተገለበጠ ፎቶ በትናንሽ ነገሮች ይጋለጣል። ከኋላ በግድግዳው ላይ የቀን መቁጠሪያ ካለ ፊደሉ የዞረ ይሆናል፤ የስፌት መኪናው የእጅ መሽከርከሪያ በትክክለኛው ፎቶ ከሰፊዋ በስተቀኝ ሲሆን በተገለበጠው በግራ ይታያል። ጎረቤትዎ ያወቀችው በረንዳም እንዲሁ ያለ ምስክር ነው። እነዚህን ጎን ለጎን አድርገው ያሳዩ።

አሁን ወደ ሕጉ እንምጣ፤ እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ቀሚሱን የሰፉት እርስዎ ይሁኑ እንጂ፣ በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የፎቶግራፉ ሥራ አመንጪ ፎቶውን ያነሣው ሰው ነው። ስለዚህ «ፎቶዬ ተሰረቀ» የሚለውን አቤቱታ የእኅትዎ ልጅ በራሱ ስም ቢያቀርብ፣ ወይም መብቱን ለእርስዎ ያስተላለፈ መሆኑን በጽሑፍ ቢሰጥዎ የተሻለ ነው፤ በቤተሰብ መካከል ወረቀት መጻጻፍ ቅር የሚያሰኝ ቢመስልም አንድ ገጽ ይበቃል። ይኸው አዋጅ ለፎቶግራፍ የሚሰጠው ጥበቃ ፎቶው ከተነሣበት ጊዜ ጀምሮ ለ25 ዓመት የሚቆይ ሲሆን፣ ጥበቃ ለማግኘት ፎቶው የስብስብ አካል መሆን፣ ወይም በመጽሐፍ መታተም፣ ወይም የአንሺውን ወይም የወኪሉን ማንነትና አድራሻ መያዝ እንዳለበት ይደነግጋል። ከእርስዎ ሥራ ጋር የሚሄደው ይህ የመጨረሻው ነው። ከእንግዲህ በሚለጥፉት ፎቶ ሁሉ ላይ ስምና ስልክ ያስገቡ፤ ግን በጥግ ላይ አይሁን፣ በአንድ መቀስ ተቆርጦ ይወድቃልና። በጥለቱ ላይ አሳልፈው፣ ሲያጠፉት ጥበቡም አብሮ የሚበላሽበት ቦታ ላይ፣ ደብዘዝ አድርገው ይጻፉት።

ለቴሌግራም ማመልከቻው ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው ከቻናሉ ገጽ በላይ ያሉትን ሦስት ነጥቦች ተጭኖ ሪፖርት የሚለውን መምረጥ ነው፤ ለአጭበርባሪዎችም «ኖ ቱ ስካም» የሚባል የራሱ መቀበያ አለው። ሁለተኛውና ለእናንተ ጉዳይ የሚበልጠው፣ «ዲኤምሲኤ» በሚል የሚጀምረውን የቴሌግራም የኢሜይል አድራሻ በመጠቀም የቅጂ መብት አቤቱታ መላክ ነው። ዲኤምሲኤ እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣ የአሜሪካ የቅጂ መብት ሕግ ምሕፃር ሲሆን፣ ትልልቆቹ መድረኮች የአቤቱታ አቀባበላቸውን የቀረጹት በእርሱ መሠረት ነው። በአቤቱታው ላይ የአመልካቹ ሙሉ ስምና አድራሻ፣ የመጀመሪያው ፎቶ ያለበት ሊንክ፣ የተሰረቀው ፎቶ ያለበት ሊንክ፣ የተጻፈው እውነት ስለመሆኑ ማረጋገጫና ፊርማ ይኑር። «ቻናሉ በሙሉ የእኔ ፎቶ ነው» ብሎ በጅምላ መጻፍ አይጠቅምም፤ እያንዳንዱ ሊንክ ለየብቻው ይዘርዘር።

የ3,000 ብሩ ጉዳይ ከዚህ የተለየ ነው። የተታለሉት ሴቶቹ ስለሆኑ ለፖሊስ የሚያመለክቱት እነርሱ ናቸው፤ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 692 አታላይነት የሚያስቀጣ ወንጀል ነው። የቴሌብር ደረሰኛቸውን የግብይት ቁጥሩ በግልጽ እንዲታይ አድርገው ይያዙ። እርስዎም ከቻሉ አብረዋቸው ይሂዱ፣ ምስክር ይሁኑ። ከእነርሱ ጋር በአንድ ወገን መቆምዎን ሰፈሩ ሲያይ ስምዎም ይነጻል።

ጥያቄ (ከለገጣፎ)፦ የ24 ዓመት ወጣት ነኝ። በፌስቡክ የእኔን ፎቶዎች ለጥፎ በማላውቃት ሴት ስም የተከፈተ አካውንት አለ። ውጭ አገር ያሉ ወንዶችን እያናገረ «እናቴ ታማብኛለች» በማለት ገንዘብ ይለምናል። ጓደኞቼ ተባብረው ወደ 60 ጊዜ ሪፖርት ቢያደርጉም አልጠፋም። አሁን «5,000 ብር ከከፈልሽኝ አስዘጋዋለሁ» የሚል ሰው አግኝቻለሁ። ልክፈለው?

መልስ፦ እኅቴ፣ እባክሽ አትክፈዪ። ያ ሰው ሊያደርግልሽ የሚችለውን ሕጋዊ ነገር ሁሉ አንቺ ራስሽ በነፃ ታደርጊዋለሽ። መታወቂያሽን «ላኪልኝ» ካለሽ ደግሞ ሁለተኛ ስርቆት ነው።

የጓደኞችሽ ድካም ፍሬ ያላፈራው በቁጥር ስላነሱ አይደለም። ፌስቡክ ራሱ እንደሚያስረዳው፣ አንድ ነገር የተጠቆመበት ጊዜ ብዛት እንዲወገድ ምክንያት አይሆንም፤ የሚታየው የተጠቆመው ምክንያት ትክክለኛ መሆኑ ነው። ሥልሳው ሰው አንዱ «አይፈለጌ መልእክት»፣ ሌላው «ጥላቻ» እያለ መርጦ ከሆነ ሁሉም የተሳሳተ በር አንኳኩቷል። አንቺ በገዛ አካውንትሽ ገብተሽ፣ በሐሰተኛው ፕሮፋይል ላይ ሦስቱን ነጥቦች ተጭነሽ፣ ሌላ ሰው መስሎ የቀረበ የሚለውን፣ ቀጥሎም «እኔን» የሚለውን ምረጪ። መታወቂያ ከተጠየቅሽ በፌስቡኩ ቅጽ ላይ ብቻ አያይዢ። አካውንት ለሌለው ሰውም የተለየ ቅጽ አለ፤ ፎቶው የተሰረቀበት ሰው ፌስቡክ የማይጠቀም አባት ወይም አያት ሲሆን ይህ ይጠቅማል።

ሌላም በር አለሽ። ከፎቶዎቹ መካከል በራስሽ እጅ ያነሣሻቸው ሰልፊዎች ካሉ፣ በእነዚያ ላይ ባለ ፊቷም አንሺዋም አንቺ ስለሆንሽ የቅጂ መብት አቤቱታ ማቅረብም ትችያለሽ። ነገር ግን አንድ ነገር ልብ በዪ። ተራ ጥቆማ ስታቀርቢ ማን እንደጠቆመ ለተጠቆመው ሰው አይነገርም፤ በቅጂ መብት አቤቱታ ግን ስምሽና ኢሜይልሽ ሊደርሰው ይችላል። ስለዚህ ለዚህ ጉዳይ ብቻ አዲስ ኢሜይል ክፈቺ። ሐሰተኛ አቤቱታ ማቅረብ በሕግ የሚያስጠይቅ ስለሆነም፣ ሌላ ሰው ያነሣሽን ፎቶ «እኔ ያነሣሁት ነው» ብለሽ አትጻፊ።

ፎቶዎችሽ ሌላ ቦታም መኖራቸውን ለማወቅ ጉግል ሌንስ ላይ አንዱን ፎቶ አስገብተሽ ፈልጊ። ከቶሮንቶ የሚሠራውና እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ያለው ቲንአይ የተባለ የፎቶ መፈለጊያ ድረ ገጽ የተቆረጠና የተቀነሰ ቅጂን ጭምር ያገኛል፣ ፊትን ግን አይለይም፤ የሩሲያው ያንዴክስ ደግሞ ተመሳሳይ ፊቶችን በማቅረብ ይታወቃል። ሦስቱንም ሞክሪ፤ አንዱ ያላየውን ሌላው ያያልና። ሆኖም ከሦስቱ አንዱም በተዘጋ ግሩፕ ውስጥ ያለውን ሊያይ ስለማይችል «ምንም አልተገኘም» የሚለው መልስ የለም ማለት አይደለም።

በአገራችን ሕግ መብትሽ ከኢንተርኔት በፊት የተጻፈ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 27 የአንድ ሰው ፎቶግራፍ ወይም ምስል ያለ ፈቃዱ በሕዝብ ፊት እንዳይለጠፍ፣ እንዳይባዛና እንዳይሸጥ ይከለክላል። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ደግሞ የማጭበርበርንና የኤሌክትሮኒክ ማንነት ስርቆትን ወንጀል አድርጎ ደንግጓል። ለገጣፎ ዛሬ የሸገር ከተማ ክፍል ብትሆንም አዋጁ የፌዴራል በመሆኑ ከድንበሩ ወዲህም ወዲያም ይሠራል፤ «ይህ የአዲስ አበባ ጉዳይ ነው» ተብለሽ ብትመለሺ ይህንኑ በትሕትና አስረጂ። ገንዘብ የላኩትን ሰዎች ካገኘሻቸው የላኩበትን ደረሰኝ ጠይቂያቸው፤ ሌባው የት ገንዘብ እንደተቀበለ የሚያሳይ ማስረጃ ያለው በእነርሱ እጅ ነው።

ጥያቄ (ከሰበታ)፦ የሰባት ዓመት ልጄ ታሞ በተኛበት ወቅት የለጠፍሁትን ፎቶ ሌሎች ወስደው በማላውቀው የባንክ ሒሳብ እርዳታ ይሰበስቡበታል። ልጄ ድኗል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ልጅዎ በመዳኑ እግዚአብሔር ይመስገን። የሒሳብ ቁጥሩ የሚታይበትን ስክሪንሾት ይዘው ዛሬውኑ ባንኩ ዘንድ ይሂዱ፤ ከሁሉ አስቸኳዩ ይህ ነው። ለፖሊስም በዚያው ቀን ያመልክቱ። በፌስቡክ ዕድሜው ከ13 ዓመት በታች ስለሆነ ልጅ ምስል ወላጁ የሚያመለክትበት የተለየ ቅጽ አለ፤ በእርሱ ይጠይቁ። ከዚያ በኋላ በራስዎ ገጽ ላይ ልጁ መዳኑንና እርዳታው ሐሰት መሆኑን ይጻፉ፤ የልጁን ፎቶ ግን ዳግመኛ አያያይዙ። ለለጋሾችም የምናሳስበው፣ ያው ሕፃን በተለያየ ስምና በተለያየ ሆስፒታል ከታየ፣ አስተያየት መስጫውም ከተዘጋ፣ ገንዘብ ከመላካቸው በፊት ሆስፒታሉን ስልክ ደውለው እንዲጠይቁ ነው።

አራተኛ ደብዳቤም ደርሶናል፤ ጸሐፊዋ እንዳይታተም ስለ ጠየቀችን አላተምነውም። የግል ገላዋን የሚያሳይ ፎቶ እንዳይሰራጭባት ለምትፈራ ለእርሷና ለመሰሎቿ ይህን ብቻ እንላለን። ጥፋቱ የአንቺ አይደለም፣ ለሚያስፈራራሽም ገንዘብ አትላኪ። «ስቶፕ ኤንሲአይአይ» የተባለው ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ የእንግሊዝ በጎ አድራጎት አገልግሎት ፎቶውን ከስልክሽ ሳያወጣ የቁጥር አሻራውን፣ ማለትም ከምስሉ በስሌት የሚወጣውን መለያ ቁጥር፣ ብቻ ወስዶ እንደ ፌስቡክ፣ ኢንስታግራምና ቲክቶክ ላሉ መድረኮች ያስተላልፋል፤ እነርሱም ያንን አሻራ የያዘ ምስል ሲያገኙ ያግዱታል። በፎቶው ላይ የምትታየው ልጅ ያን ጊዜ ከ18 ዓመት በታች ከነበረች ግን የሚያገለግላት «ቴክ ኢት ዳውን» የተባለው የአሜሪካ ተቋም አገልግሎት ነው፤ ስሟን ሳትገልጽ፣ ክፍያም ሳትከፍል ትጠቀምበታለች።