ባሌን በፈረስ ለምትሄዱት አምስት ጓደኛሞች

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን አየሁት። በጥር አምስት ሆናችሁ የባሌ ተራሮች ፓርክ መነሻ ከሆነችው ከዲንሾ ከተማ ተነስታችሁ አራት ሌሊት ድንኳን ውስጥ ልታድሩ ነው። ማናችሁም ፈረስ ጋልባችሁ አታውቁም። "ስንት ፈረስ ይበቃናል? ምን እንያዝ?" ነው ያልከው። ባሌ እየተመላለስኩ በፈረስ ስለተጓዝኩ የማውቀውን ልንገርህ። ትንሽ ይረዝማል፣ ቡናህን ይዘህ አንብበው።

ከፈረሱ ቁጥር በፊት ጓዛችሁን መዝኑ። በግምት ሳይሆን በሚዛን። የባሌ ፈረስ ጠንካራ ነው እንጂ ትልቅ አይደለም። አንዱ ላይ ከ40 ኪሎ ብዙ አትለፉ። አምስት ሰው 15 15 ኪሎ ቢይዝ 75 ነው። ድንኳኑ፣ ፍራሹ፣ ስንቁ፣ ድስቱና ነዳጁ ሲጨመር 160 ኪሎ ቢገባ አይግረማችሁ። ስለዚህ አራት የጭነት ፈረስ በሉ። ለመቀመጫ አምስት አያስፈልግም፤ ሁለት ወይም ሦስት ይዛችሁ ብትፈራረቁ ይበቃል። መጀመሪያ ላይ ሁሉም "እኔም ልጋልብ" ይላል። ለጀማሪ ግን ጥቂት ሰዓት ኮርቻ ላይ ከተቀመጠ በኋላ በእግር እንደመሄድ ያለ እረፍት የለም።

ሻንጣ ባለጎማውን ቤት ተዉት። ጠርዙ የፈረሱን ጎን ይወጋል፣ ለማሰርም አይመችም። ለስላሳ የጨርቅ ቦርሳ ያዙና በላስቲክ ጠቅልላችሁ ማዳበሪያ ውስጥ ክተቱት። ግራና ቀኙ እኩል መክበድ አለበት። አንዱ ጎን ሦስት አራት ኪሎ ቢበልጥ ጭነቱ በየዳገቱ እየተንሸራተተ ሰዓታችሁን ይበላዋል። ባለፈረሶቹ ሲጭኑ ቆማችሁ እዩ፣ ደስ ይላል። አንዱ መጫኛውን በፈረሱ ሆድ ሥር ያሳልፍና ጉልበቱን ጎኑ ላይ አስደግፎ ይስባል። ፈረሱ ተንኮለኛ ነው፣ ሆዱን በአየር ነፍቶ ይጠብቀዋል። ሰውየው ዝም ብሎ ይቆማል። ፈረሱ ሲተነፍስና ሆዱ ሲጎድል ያኔ እንደገና ይስብና ይቋጥራል። ለዚህ ነው ከተነሳችሁ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ቆም ብሎ መጫኛውን ማጥበቅ ግዴታ የሚሆነው።

ፈረስ ስትቀበሉ መልኩ አያታላችሁ። ዳማ ሆነ አምባላይ ለፎቶ ካልሆነ ምንም አይጠቅማችሁም። ኮርቻው ከመጫኑ በፊት መዳፋችሁን ከትከሻው እስከ ወገቡ ጫን እያደረጋችሁ አሳልፉ። ጀርባውን ዝቅ ካደረገ ወይም ጆሮውን ወደኋላ ካጠፈ ያመዋል ማለት ነው። ገጣባ (የጀርባ ቁስል) ካለበት በትህትና "ሌላ ይምጣልን" በሉ። በዋጋ ቅናሽ እንዳትሸነፉ። አንድ ቁስለኛ ፈረስ በሁለተኛው ቀን ከቆመ ጭነቱ የሚከፋፈለው በቀሩት ላይ ነው።

አሁን ብዙ የከተማ ሰው የሚረሳውን ልንገርህ። ጉዞውን የሚወስነው የእናንተ እግር ሳይሆን ሳርና ውሃ ነው። ፈረስ ጭነት ላይ ሆኖ በቅጡ አይበላም። ከሰዓት በኋላ ተራግፎ የሚግጥበት ሰፊ ጊዜ ይፈልጋል፤ ሲመሽ ደግሞ ጅብ ስላለ ባለፈረሶቹ ወደ ድንኳኑ አስጠግተው ያስሩታል። ስለዚህ ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል አካባቢ ተነስታችሁ ከ9 ሰዓት በፊት የምትሰፍሩበት ለመድረስ አስቡ። በጥር ሳሩ ስለሚደርቅ ለየፈረሱ ትንሽ ገብስ መያዝ ጥሩ ነው። ገብሱም ክብደት ነው፣ ሒሳብ ውስጥ አስገቡት።

ባለፈረሶቹስ የት ያድራሉ? ምን ይበላሉ? ይህን ዲንሾ ሳላችሁ ተነጋገሩ። እኔ ሁልጊዜ ለእነሱም ድንኳን አስይዛለሁ፣ ስንቁንም አስጎብኚውን ጨምሬ ነው የምገዛው። "የራሳቸውን ይዘው ይመጣሉ" የሚል ሰው አለ። ሌሊቱን በጋቢ ብቻ ያሳለፈ ሰው ጠዋት ፈረስ ፍለጋ በውርጭ ላይ ሲሄድ ማየት ግን አያምርም። የቀን ክፍያው የመመለሻውን ቀን ይጨምር እንደሆነም አስቀድማችሁ ተስማሙ። የአካባቢው አስጎብኚዎች ማኅበር እዚያው ዲንሾ ስላለ ፈረሱም ሰውም በእሱ በኩል ቢሆን ይሻላል። በኦሮምኛ "አካም ጅርቱ" (እንዴት ናችሁ) እና "ገለቶማ" (አመሰግናለሁ) ብትሉ ደግሞ ፊታቸው ሲፈታ ታያላችሁ።

ስለ መንገዱ፦ ዲንሾ ራሷ ከ3,000 ሜትር በላይ ናት። አንድ ሌሊት እዚያ እደሩ፣ ሰውነታችሁ ይልመድ። ከዚያ በወብ ሸለቆ በኩል ፊንጫ ሀበራ ፏፏቴ፣ ቀጥሎ ራፉ፣ ከዚያ ጋርባ ጉራቻ ሐይቅ። ለጀማሪ ይህ ይበቃል። የቱሉ ዲምቱ ተራራ 4,377 ሜትር ነው፤ ሳነቲ የሚባለው አምባ ላይ ከወጣችሁ በኋላ የሁላችሁም ጤና ደህና ከሆነ ብቻ ጨምሩት። ራስ ምታቱ ማስታወክ ካመጣ ክርክር የለም፣ ሰውየውን ፈረስ ላይ አስቀምጣችሁ ወደታች ነው። በነገራችን ላይ ፊንጫ ሀበራ አካባቢ ባለው ዋሻ ውስጥ ሰዎች ከ30 ሺህ ዓመት በፊት ይኖሩ እንደነበር እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት አሳይቷል። የሚበሉት እዚያ የሚኖረውን ትልቁን ፍልፈል ነበር። ዛሬ ያው ፍልፈል የቀይ ቀበሮ ቀለብ ነው፤ ቀበሮውም የሚያድነው በቀን ስለሆነ ከፈረስ ላይ ሆናችሁ ታዩታላችሁ። ውሻ ያለው ጓደኛችሁ ግን ውሻውን እንዳያመጣ። ባሌ ውስጥ ቀበሮዎቹን ደጋግሞ የጨረሰው ከውሻ የሚተላለፍ የእብድ ውሻ በሽታ ነው።

ብርዱን አትናቁት። ጥር በጋ ነው ብላችሁ እንዳትዘናጉ፣ ሰማዩ ጥርት ሲል ሌሊቱ ይብሳል። ሳነቲ ላይ ከዜሮ በታች እስከ 15 ዲግሪ የሚወርድበት ጊዜ አለ። ስልክና ውሃ ይዛችሁ የመኝታ ከረጢት ውስጥ ግቡ፣ ካልሆነ ጠዋት ጠርሙሱ በረዶ ሆኖ ይጠብቃችኋል።

ስንቅ ላይ ብልሃት ያስፈልጋል። 4,000 ሜትር ላይ ውሃ የሚፈላው 87 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ ባቄላ ቀቅላችሁ እበላለሁ ብትሉ ነዳጃችሁ ያልቃል። በሶ፣ ቆሎ፣ ሽሮ፣ ቋንጣ፣ ድርቆሽ፣ ፓስታ። ጭኮ (በቅቤ የታሸ የገብስ ዱቄት) ካገኛችሁ ደግሞ አትለፉት። እንጨት ከፓርኩ አይለቀምም፤ ቡታጋዝ ያዙ። እስከ ሮቤ በአውሮፕላን ከሆናችሁ ጋዙን እዚያው ግዙ፣ አውሮፕላን ላይ አያስገቡላችሁም።

አጋለቡን ባለፈረሱ ያሳያችኋል። እኔ የምጨምረው ሦስት ነገር ነው። የብስክሌት ሄልሜት ካላችሁ አድርጉ። እርካቡ ውስጥ የእግራችሁን ፊት ብቻ አስገቡ፣ ብትወድቁ እግራችሁ ተይዞ እንዳይጎትታችሁ። የመሳቢያውን ገመድ እጃችሁ ላይ አትጠምጥሙ። ከባድ ሰው ካላችሁ ዳገቱንና ቁልቁለቱን በእግሩ ይሂድ፤ ፈረሱም ጉልበቱም ይተርፋል።

ከመነሳታችሁ በፊት የመንገዱን ሰላም ለአስጎብኚው ደውላችሁ ጠይቁ፣ ያውም በዚያው ሳምንት። ብሩን ሮቤ ላይ አውጡ፣ ዘርዝራችሁም ያዙ፤ ጉርሻውን ለእያንዳንዱ ባለፈረስ በእጁ ስጡት። ቀኑ ሲቆረጥ የጓዛችሁን ዝርዝር ከነኪሎው ላክልኝ፣ አይቼ የሚቀነሰውን እነግርሃለሁ።