ለአሮጌ ዲኤክስ አዲስ የጌጅ ሰሌዳ

ጥያቄ፦ የዲኤክስ ኮሮላዬ ዳሽቦርድ ተሰነጣጥቋል። የሙቀቱ ጌጅ ሞቷል፣ የነዳጁም ደስ ሲለው ነው የሚሠራው። ሁሉንም አውጥቼ በላሜራ አዲስ ሰሌዳ ማሠራትና ክብ ክብ ጌጆች መደርደር አስቤአለሁ። ከምን ልጀምር?
አንባቢ፣ ደሴ ፒያሳ

መልስ፦ ከመቁረጥዎ በፊት ቴስተር ያንሱ። የነዳጁና የሙቀቱ ጌጅ አንድ ላይ ከታመሙ ብዙ ጊዜ በሽታው አንድ ነው። በእነዚያ ዘመን ቶዮታዎች እነዚህ ሁለቱ የሚሠሩት በባትሪው 12 ቮልት ሳይሆን በግምት 7 ቮልት ነው። የሚቀንስላቸውም በነዳጁ ጌጅ ውስጥ ያለች ትንሽ መቀነሻ ናት። እሷ ስትበላሽ ወይም የዳሽቦርዱ ማሳ (ወደ ቦዲው የሚመለሰው የኔጌቲቭ መስመር) ሲላላ ሁለቱም አብረው ያብዳሉ። ማሳውን አጽድተው ካልዳነ መቀነሻውን ኤልኤም 317 በሚባለው ርካሽ ሬጉሌተር መተካት ይቻላል፤ 240 ኦም እና 1100 ኦም ሬዚስተር ሲገቡለት 7 ቮልት ይሰጣል። አሮጌዋ መቀነሻ ግን ከመስመሩ መውጣት አለባት። የሬጉሌተሩ የጀርባ ብረትም መውጫው ራሱ ስለሆነ ያለ ማገጃ ከቦዲ ጋር ከታሰረ ሾርት ያደርጋል። እንዲህ ከዳነልዎ ኦሪጅናሉን ባይነኩት እንመርጣለን።

አይ፣ አዲስ ነው የምፈልገው ካሉ ሰሌዳው ራሱ የሥራው ቀላሉ ክፍል ነው። 2 ሚሊሜትር አሉሚኒየም ይበቃል፤ ከ1.5 ከቀጠነ በኮረኮንች ላይ ይንቀጠቀጣል፣ መርፌውም አብሮ። መጀመሪያ በካርቶን ቆርጠው ቦታው ላይ ያድርጉትና ሹፌር ወንበር ላይ ተቀምጠው መሪው የቱን እንደሚከልል ይዩ። የዘይትና የሙቀት ጌጅ በመሪው ክብ ውስጥ መታየት አለባቸው፤ የነዳጁና የቮልቱ ወደ መሀል ቢገፉ ጉዳት የለውም። ገበያ ላይ ያለው ትንሹ ጌጅ አብዛኛው 52 ሚሊሜትር ነው፤ የፊት ቀለበቱ ስለሚሰፋ ከአንዱ ቀዳዳ መሀል እስከ ሌላው መሀል 65 ይተዉ። ላሜራውን ከኋላ በኮምፔንሳቶ አስደግፈው፣ በክላምፕ አጥብቀው፣ ትራፓኑን (መብሻውን) በዝግታ ያዙሩት። ከፈጠነ አሉሚኒየሙ የክብ መጋዙ ጥርስ ላይ ይጣበቅና ቀዳዳው ሞላላ ይሆናል። ቀለሙ የማያብረቀርቅ ጥቁር ይሁን፤ የካርቦን ስቲከር በዲኤክስ ላይ አያምርም፣ የኛ አስተያየት ነው።

የፍጥነት ኪሎሜትሩ ኦሪጅናሉ እንዳለ ይቆይ። የጃፓን መኪኖች ኬብል በ1 ኪሎሜትር 637 ጊዜ ነው የሚዞረው፤ ለሌላ ኬብል የተሠራ ቆጣሪ ቢገጥሙ የሚያነበው ውሸት ነው። ኬብሉ ወደ አዲሱ ሰሌዳ ሲገባ ድንገት ከታጠፈ መርፌው እየዘለለ ያስቸግርዎታል።

ሰው ገንዘቡን የሚያባክነው ሴንሰር ላይ ነው። ጌጅና ሴንሰር ጥንድ ናቸው፤ አንዱን ከአንዱ ሱቅ ሌላውን ከሌላው ለቃቅመው አይግዙ። ለነዳጅ የጋኑን ተንሳፋፊ ባዶና ሙሉ ሲሆን በኦም ይለኩ። የአሮጌ ቶዮታ ተንሳፋፊ ሲሞላ ኦሙ ይቀንሳል፤ ባዶ ላይ 10፣ ሙሉ ላይ 180 ለሚል ተንሳፋፊ የተሠራ ጌጅ ከገጠሙበት ጋኑ ሲሞላ ባዶ ይላል። በዘይቱ ሴንሰር በኩል ደግሞ ጥርሱን ይጠንቀቁ። የቶዮታ ሞተር ቀዳዳ በኢንች 28 ጥርስ ሲሆን ከብዙ ጌጆች ጋር የሚመጣው ሴንሰር 27 ነው። ሁለት ሦስት ዙር ይገባና ይጠብቃል፣ የገባ ይመስላል፣ ከዚያ ዘይት ያንጠባጥባል፤ በጉልበት ከገፉት ጥርሱን ይበላዋል። አስማሚ ይግዙ፤ በናስ ‘ቲ’ አድርገው የድሮዋንም የዘይት መብራት ማብሪያ አብረው ያቆዩ። ነጩን የቧንቧ ቴፕ አያብዙ፤ ባለ አንድ ሽቦ ሴንሰር ማሳውን የሚያገኘው በጥርሱ ስለሆነ ቴፑ ይጋርደዋል።

መብራቱ ሲበራ ጌጆቹ ሁሉ አብረው ከተንቀሳቀሱ ጌጁን አይውቀሱ፤ ማሳው ነው። ከሁሉም ጌጅ ወደ ቦዲው አንድ ባለ 1.5 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ ቀለሙ በተፋቀ ብረት ላይ በቡሎን ይታሰር። ፖዘቲቩ ከቁልፍ በኋላ በ5 አምፔር ፊውዝ ይምጣ።

የቻርጅ መብራቷን ወደ ኤልኢዲ የሚቀይር አለ። በብዙ መኪና ላይ ዲናሞው የሚቀሰቀሰው በዚያች አምፖል በሚያልፍ ኮረንቲ ነው፤ ኤልኢዲ ብቻውን አይበቃውም፣ ባትሪም ያልቃል። ግዴታ ከሆነ ጎን ለጎን 68 ኦም፣ 5 ዋት ሬዚስተር ይግባለት።

ጥያቄ፦ አዲስ የሙቀት ጌጅ ገጥሜ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ስወጣ ሐረጎ ላይ 98 ዲግሪ ይላል። ቀዩን ምልክት የት ላድርግ? የቫኪዩም ጌጁም ደሴ ላይ ከ12 አያልፍም፤ ተበላሽቶ ነው?
አንባቢ፣ ኮምቦልቻ

መልስ፦ የቫኪዩሙ ጌጅ (ሞተሩ አየር ሲስብ የሚፈጥረውን ባዶነት በኢንች ሜርኩሪ የሚለካው) ጤነኛ ነው። ፊቱ ላይ ያለው ከ17 እስከ 21 ያለ አረንጓዴ የተሣለው ለባሕር ጠረፍ ነው። በየ300 ሜትሩ ከፍታ በግምት 1 ኢንች ይቀነሳል፤ ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ስለሆነች 8 ያህል ይጎድላል። በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ ሲዞር) መርፌው ጸጥ ካለ 12 መልካም ነው፤ በእኩል ርቀት ወደ ታች የሚነቀነቅ ከሆነ ግን አንድ ቫልቭ ወይም አንዷ ካንዴላ (ቤንዚኑን የምትለኩሰው) እየሰነፈች ነው።

98ቱ የሚያስፈራው በራዲያተሩ ክዳን ልክ ነው። ክፍት ውሃ ደሴ ላይ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ባለ 0.9 ባር ክዳን በደንብ ከያዘ ግን መፍያውን ወደ 114 ያደርሰዋል፤ ጎማው ከደረቀ 98 ላይ ውሃው ፈልቶ እየወጣ ነው ማለት ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ክዳኑን ይቀይሩ፣ ቀዩን ደግሞ 105 ላይ ያድርጉት። አቀበት ላይ መርፌው ከፍ ካለበት ድንገት ወደ ታች ከወረደ ደስ አይበልዎ፤ ውሃው አልቆ ሴንሰሩ አየር ውስጥ ቀርቶ ይሆናል። ወዲያው ዳር ይዘው ያጥፉ፣ ክዳኑንም ሳይበርድ አይክፈቱ።

ጥያቄ፦ የገዛሁት የሞተር ዙር ቆጣሪ ናፍጣ ሃይሉክስ ላይ አልሠራ አለ።
አንባቢ፣ ደሴ

መልስ፦ የቤንዚን ቆጣሪ ምልክቱን የሚያገኘው ከቦቢናው (ለካንዴላ ከፍተኛ ቮልት ከሚያመነጨው ጥቅል) ኔጌቲቭ ነው፤ ናፍጣ ቦቢና የለውም። ከዲናሞው ‘ደብልዩ’ ከሚለው ተርሚናል ምልክት የሚቀበል ቆጣሪ ያስፈልግዎታል። የእርስዎ ዲናሞ ያ ተርሚናል ከሌለው ኤሌክትሪሻኑ ከፍቶ ከአንዱ የስታተር (የማይዞረው የሽቦ ጥቅል) ጫፍ፣ ከዳዮዶቹ በፊት፣ ሽቦ ያወጣልዎታል። ቆጣሪው ከጀርባው ማስተካከያ ያለው ይሁን፤ የዲናሞው ፑሊ ከሞተሩ ስለሚፈጥን ያለ ማስተካከያ እውነተኛውን ዙር አያሳይም።