ቢራቢሮዋ የምትለካው ሌሊቱን ነው

ሰላም ልጆች፣ በተለይ ባዮሎጂ ጀምራችሁ "ይሄ ነገር የት ያደርሰኛል" እያላችሁ ለምትጠይቁኝ። እኔ ጡረታ ወጥቻለሁ፣ የሥራ ዘመኔን ያሳለፍኩት ስዊድን ውስጥ ነፍሳት በሚረቡበት ላቦራቶሪ ነው፣ አባጨጓሬ ስመግብ፣ ሙሽሬ (አባጨጓሬው ቢራቢሮ ከመሆኑ በፊት ሽፋን ውስጥ ሆኖ የሚቆይበት ደረጃ፣ ፒዩፓ) ስመዝን። ከዛ ሁሉ ዓመት የተረፈኝን አንድ ነገር ልስጣችሁ፦ አንድ ፍጥረት ስታጠኑ መጀመሪያ "ምን አይቶ ነው ይሄን የወሰነው?" በሉ።

ወጣት ሆኜ ጎመን የምትበላ ነጭ ቢራቢሮ አባጨጓሬዎች ተሰጡኝ፣ ታይመሩን 10 ሰዓት መብራት 14 ሰዓት ጨለማ ላይ አድርጌ አሳደግኳቸው፣ በዚህ ሁኔታ ሙሽሬ ሆነው ለወራት ይተኛሉ፣ እኛ ዳያፖዝ የምንለው እሱ ነው። አንድ ጠዋት ካቢኔቱን (የሚያድጉበትን ዝግ ቁምሳጥን) ስከፍት የላይኛው ትሪ ላይ ያሉት ፈልፍለው ክንፋቸውን እያደረቁ ነው! ታይመሩን አየሁ ልክ ነው፣ ሙቀቱም ልክ ነው። ማታ ተመልሼ መብራት አጥፍቼ ስቀመጥ ነው የገባኝ፣ የበሩ ጎማ ጥግ ላይ ለቆ የኮሪደሩ መብራት እንደ ክር ቀጥኖ ይገባል፣ የሚያርፈውም እዛች ትሪ ላይ ነው፣ ሌሊታቸውን ስለቆረጠው አባጨጓሬዎቹ ሌሊቱ አጭር መስሏቸው ሳይተኙ ቀሩ። የብዙ ሳምንት ሥራ ሄደ፣ በጣም አዘንኩ፣ ግን አባጨጓሬ ሌሊቱን እንደሚለካ ከመጽሐፍ ይልቅ ያች ክር አስተማረችኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ብርድ ሲመጣ መዘጋጀት ቢጀምር አይደርስም፣ ስለዚህ ከሳምንታት በፊት ምልክት ያስፈልገዋል፣ ምልክቱ ደግሞ የቀኑ ርዝመት ነው፣ እሱንም የሚያውቀው ሌሊቱን ለክቶ ነው። ስቶክሆልም ላይ ሰኔ ውስጥ ቀኑ ከ18 ሰዓት ያልፋል፣ ታኅሣሥ ላይ 6 ሰዓት ገደማ ነው፣ አባጨጓሬው ቀኑ ማጠሩን ካየ ሙሽሬ ሲሆን የእድገት ሆርሞኑ ይቆማል። አንዴ ከተኛ ደግሞ ወራት የሚቆይ ቅዝቃዜ ካላገኘ በአብዛኛው አይነቃም፣ ህዳር ላይ አንድ ሞቃት ቀን መጥቶ እንዳያታልለው ማለት ነው።

አሁን ችግሩ ፀሐይዋ እንደድሮው ናት፣ ሙቀቱ ግን ተለውጧል። መኸሩ ሲሞቅ የተኛው ሙሽሬ ያጠራቀመውን ስብ ቀድሞ ያቃጥላል፣ ለፀደይ የሚሆነው ያንሳል። ቤልጅየም ውስጥ ደግሞ ላሲዮማታ ሜጌራ የምትባል ድንጋይና ግድግዳ ላይ ፀሐይ የምትሞቅ ቢራቢሮ አለች፣ ከመሀል አገር እየጠፋች ባሕር ዳርቻ ላይ ቀረች። ሃንስ ቫን ዳይክ የሚባል ተመራማሪና ጓደኞቹ በ2015 (እ.ኤ.አ) ያወጡት ግምት፣ መሀል አገር ሙቀቱ እድገቷን ስለሚያፋጥነው በጋው መጨረሻ ላይ መተኛት የነበረባቸው አባጨጓሬዎች ዝም ብለው ያድጋሉ፣ ሦስተኛ ትውልድ ይወጣል፣ የሱ ልጆች ግን ለክረምት የሚበቃ መጠን ላይ ሳይደርሱ ብርዱ ይቀድማቸዋል። (ክረምት ስል የበረዶውን ነው፣ እዚህ በጋ ያልኩትም የአውሮፓን ሞቃት ወራት ነው።) አባጨጓሬዎቹን ሁለቱም ቦታ አሳድገው ሲያዩ ሳይተኙ በቀጥታ ያደጉት በብዛት የመሀል አገሮቹ ነበሩ። ግምት ነው ግን እኔን ያሳምነኛል፣ ምክንያቱም እኔ ካቢኔት ውስጥም የተሳሳተ ምልክት ምን እንደሚያደርግ አይቻለሁ።

ሁሉም ግን ተይዞ አይቀርም። ሰሜን አሜሪካ ውስጥ በአንድ ነፍሳት በሚበላ ተክል ውስጥ የምትራባ ትንኝ አለች፣ ብራድሾውና ሆልዛፕፍል የሚባሉ ተመራማሪዎች በ2001 እንዳሳዩት እንድትተኛ የሚያደርጋት የቀን ርዝመት እያጠረ ሄዷል፣ ማለትም አሁን ዘግይታ ነው የምትተኛው፣ ለውጡም በዘር የሚተላለፍ ነው። ይሄን ማየት የቻሉት ከ1972 ጀምሮ የተለካ ዳታ ስለነበረ ነው፣ ያን ጊዜ ሲለኩ ማንም ስለአየር ንብረት ብሎ አልነበረም።

እናንተ ጋ ደግሞ ጥያቄው ሌላ ነው፣ አዲስ አበባ ላይ ረጅሙና አጭሩ ቀን የሚለያዩት በአንድ ሰዓት ገደማ ስለሆነ ዝናቡም ትልቅ ምልክት ነው። ስለ አገዳ ቆርቁር ገበሬ ጠይቁ፣ ትሉ በጋውን በደረቅ የበቆሎና የማሽላ አገዳ ውስጥ ተኝቶ ይከርማል፣ ዝናብ መጥቶ እርጥበት ሲያገኝ ነው ሙሽሬ ወደመሆን የሚሄደው። እና በልጉ ሁለት ቀን ዘንቦ ወር ሙሉ ቢጠፋስ? ከነቃው የሚወለዱት ትሎች ምን ይበላሉ? ይሄ ጥያቄ ውድ ማሽን አይፈልግም፣ ከመኸር በኋላ ማሳ ላይ የቀረ አገዳ ሰንጥቃችሁ በየሳምንቱ ስንቱ ትል ነው ስንቱ ሙሽሬ ሆኗል ብላችሁ መቁጠር ነው። ስትጽፉ ቀኑን፣ የቦታውን ስምና ከፍታውን፣ ለመጨረሻ ጊዜ የዘነበበትን ቀን ጨምሩ፣ ምንም ያላገኛችሁበትን ሳምንትም ዜሮ ብላችሁ ጻፉ እንጂ አትዝለሉ። እኔ የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ዜሮዎቹን ዘልዬ ነበር፣ ያን ዳታ እስከዛሬ ልጠቀምበት አልቻልኩም።