አዋሽን ተከትላችሁ ለምትወርዱ

ልጆቼ፣ በክረምቱ እረፍት አዋሽን ከላይ እስከ ታች ለጥናት ልትከተሉ መሰናዳታችሁን ሰማሁ። ጎሽ! በውሃ ሥራ ላይ አርጅቼ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝና ጥቂት ልበላችሁ።

ጉዞውን ከጊንጪ በላይ ጀምሩ። እዚያ አዋሽ ገና ትንሽ ነው፤ ፎቶም አያምርለትም። ግን አትቸኩሉ። በየማሳው ያለውን ቦረቦር እዩ። ከዚያ ታጥቦ የሚሄደው አፈር ነው ቆቃ ግድብ ውስጥ የሚተኛው። ግድቡ ከ1952 ዓ.ም. ጀምሮ ደለል ሲቀበል ኖሯል። ገበሬውን ታዲያ «ለምን ዛፍ አትተክልም?» ብላችሁ እንዳትጀምሩ። መሬቱ ስንት እንደሆነ፣ ምን ያህሉን ጎርፍ እንደወሰደበት ጠይቁት።

አቃቂ ጋ የአዲስ አበባ ቆሻሻ ይቀላቀላል። በዚያው ውሃ ጎመንና ቆስጣ ይለማል፤ ከተሜው መልሶ ይገዛዋል። የብልቃጥ ናሙና ብቻ ይዛችሁ አትለፉ፤ አትክልተኞቹን አነጋግሩ። ወንጂና መተሐራን የሸንኮራ ማሳ ስለሆኑ ብዙ አልልም። የበሰቃን ሐይቅ ግን ሳታዩ እንዳታልፉ፤ እየሰፋ ስንቱን መሬት ውጧል።

ብዙ ቀን አፋር ላይ ስጡ። አብዛኛው ተማሪ እዚያ ሲደርስ ደክሞት «በቃ አየነው» ብሎ ይመለሳል። ሙቀቱ ቀልድ አይደለም፤ ከረፋድ በኋላ አትራመዱ። በደረቀ ወንዝ አሸዋ ላይ ድንኳን አትትከሉ። ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ደጋ የጣለው ዝናብ ሌሊት ሊደርስባችሁ ይችላል።

መጠይቃችሁንም ከቦርሳ ለማውጣት አትጣደፉ። አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ ቆመው ወሬ ይለዋወጣሉ፤ ዳጉ ይሉታል። ዝናብ የት ጣለ፣ ግጦሹ እንዴት ነው፣ ማን መጣ፣ ማን ታመመ። የተሳሳተ ወሬ ማቀበል ነውር ነው። እናንተም ከላይ የመጣችሁ ናችሁና ትጠየቃላችሁ። ጥጥና ሸንኮራ የበጋ ግጦሹን ለወሰደበት አርብቶ አደር የላይኛው ውሃ ወሬ ተራ ወሬ አይደለም። ስለዚህ ከጊንጪ ጀምሮ ዝናቡን በየቀኑ መዝግቡ። ሲጠይቋችሁ ያያችሁትን ብቻ ተናገሩ፤ ካላያችሁ አላየንም በሉ።

ክሊኒክ ወይም የውሃ ጉድጓድ ይሠራላችኋል ብላችሁ ቃል አትግቡ፤ በእጃችሁ አይደለም። በእጃችሁ ያለው ሪፖርቱ ነው። አንድ ቅጂ ለየቀበሌው ላኩ፤ የአፋሩን ደግሞ በአፋርኛ አስተርጉሙት። ለትርጉሙ የሚሆን ብር ከአሁኑ በጀታችሁ ውስጥ ያዙ፤ መጨረሻ ላይ ገንዘብ አይተርፍም።