ልጅቷ ከሪትም አልወጣችም ነበር

ባለፈው ሳምንት አንድ ወጣት በቴሌግራም ጻፈልኝ። ሠርግ ላይና ምሽት ቤት ሳውንድ ይሠራል። «ጋሼ፣ ትንሽ ገንዘብ አጠራቅሜያለሁ። ለኤፌክት የተሻለ ላፕቶፕ ልግዛ ወይስ ራሱን የቻለ የኤፌክት ማሽን?» ይላል። ኤፌክት የሚለው በድምፅ ላይ ማስተጋባትና የመሳሰለውን የሚጨምረውን ነው። ይኼ ብቻ ቢሆን በሁለት መስመር እመልስለት ነበር። ከሥር ግን አንድ ነገር ጨምሯል። «አሁን በላፕቶፕ ነው የምሠራው። ድምፁ ያምራል፤ ድምፃዊቷ ግን ከሪትም እየወጣች አስቸግራኛለች።»

ይህችን ካነበብኩ በኋላ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

2001 ዓ.ም. ነው። ሁለት ያማሃ ኤስፒኤክስ 90 የሚባሉ የኤፌክት ማሽኖች ነበሩኝ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1985 የወጣ ማሽን ነው፤ እኔ ጋ ሲደርሱ አርጅተው ነበር። ግን ይሠሩ ነበር። ያኔ አንድ ሰው በላፕቶፕ ሃምሳ ዓይነት ሪቨርብ፣ ድምፁን ትልቅ አዳራሽ ውስጥ ያለ የሚያስመስለውን ኤፌክት፣ ከፍቶ አሳየኝ። ልቤ ሸፈተ። ሁለቱንም ሸጥኩና ላፕቶፕና ሳውንድ ካርድ ገዛሁ።

በዚያው ዓመት ሐዋሳ አንድ ሆቴል ውስጥ ሥራ መጣ። ባንዱ ሙሉ ነው፤ ከበሮ፣ ቤዝ፣ ኪቦርድ፣ ሳክስ፣ ማሲንቆም አለ። ድምፃዊቷ ግን አዲስ ናት። ከትልቅ ባንድ ጋር መድረክ ስትወጣ የመጀመሪያዋ ነበር። ከሰዓት በኋላ ልምምድ ላይ ላፕቶፑ ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ ማሰማት ጀመረ። ገባሁና ባፈሩን፣ ማለትም ላፕቶፑ ድምፁን አጠራቅሞ የሚሠራበትን መጠን፣ ከ128 ወደ 1024 ከፍ አደረግሁት። ጠቅታው ጠፋ። ደስ አለኝ፤ ሄጄ ማኪያቶ ጠጣሁ።

ማታ የመጀመሪያው ዘፈን አዝጋሚ ነበር፤ አለፈ። ሁለተኛው ችክችካ ነው። ልጅቷ ከከበሮው ኋላ መቅረት ጀመረች። አንድ ጆሮዋን በጣቷ ትይዛለች፣ የራሷን ድምፅ የምትሰማበትን ስፒከር፣ ሞኒተሩን፣ ታያለች፣ ወደ እኔ ታያለች። ከበሮ መቺው ሊጠብቃት ሲል ዘገየ። እሷ ደግሞ እሱን ሰምታ የባሰ ዘገየች። ዘፈኑ እንደ ደከመ በቅሎ መሐል መንገድ ላይ ቆመ ማለት ይቻላል። የባንዱ መሪ አፈጠጠባት።

በእረፍት ሰዓት ወደ መድረኩ ሄድኩ። «የኔ እህት፣ ከበሮውን ስሚ። ወደኋላ እየቀረሽ ነው» አልኳት፤ ባንዱ ሁሉ እየሰማ። እሷም «ድምፄ ዘግይቶ ነው የሚመጣልኝ» አለችኝ። በእነዚህ ቃላት። እኔ ምን አልኩ? ወደ ባንዱ መሪ ዞሬ «ገና ናት፣ ትለምዳለች» አልኩ። በሚቀጥለው ሥራ ሌላ ድምፃዊት መጣች። የእሷን ነገር የጠየቀም የለም።

ሁለት ወር ቆይቶ ቤቴ ቁጭ ብዬ ያንኑ ላፕቶፕ በማዳመጫ ስሞክር፣ ማይኩን ይዤ «አንድ፣ ሁለት» አልኩ። «አንድ» ከአፌ ወጥቶ ትንሽ ቆይቶ ጆሮዬ ውስጥ ገባ። እዚያው ደርቄ ቀረሁ።

ሒሳቡ ቀላል ነው። ድምፁ በሰከንድ 48,000 ጊዜ ይለካል። ባፈሩ 1024 ሲሆን ላፕቶፑ 1024 ልኬት እስኪሞላለት ይጠብቃል፤ ይኼ 21 ሚሊሰከንድ ነው። ሲወጣም ያን ያህል። በድምሩ ከ42 ሚሊሰከንድ በላይ። ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ ስለዚህ የራሷ ድምፅ ከ14 ሜትር በላይ ርቆ ከቆመ ሰው አፍ የሚመጣ ያህል ነው የሚደርሳት። በዚያ ላይ ሰው ሲዘፍን ድምፁን በአጥንቱም ይሰማል፤ እሱ አይዘገይም። ሁለት ራሷን በአንድ ጊዜ እየሰማች በችክችካ ዝፈኚ ብያት ነበር።

ከአራት ዓመት በኋላ ለቅሶ ቤት አገኘኋት። ልብስ መሸጫ ውስጥ እንደምትሠራ ነገረችኝ። «አሁንም ሳውንድ ትሠራለህ?» አለችኝ። አዎ አልኳት። ሌላ ነገር ልናገር አፌን ስከፍት ሰው ንፍሮ ይዞ መጣ። በዚያው ቀረ።

አሁን ወደ ማሽኑ። ራሱን የቻለ የኤፌክት ማሽን ውስጡ ያለው ፕሮሰሰር ሌላ ሥራ የለውም። ዊንዶውስ አያዘምንም፣ ዋይፋይ አይፈልግም። የገባውን ድምፅ በተመደበለት ጊዜ ያወጣል፤ ዛሬም ነገም ያው ነው። ላፕቶፕ ግን አንድ ሺህ ጉዳይ አለው። መሐል ላይ ሌላ ሥራ ከያዘው ጠቅ ይላል። ጠቅ እንዳይል ባፈር ትጨምራለህ። ባፈር ስትጨምር ድምፃዊቷን ታጠፋታለህ።

የእኔ ትልቁ ስሕተት ግን ሌላም ነበር። ሙሉ ድምፁን በላፕቶፑ ውስጥ አሳለፍኩት፤ ኢንሰርት አድርጌው ማለት ነው። በሴንድ፣ ማለትም ቅጂውን ብቻ ወደ ኤፌክቱ፣ ልኬው ቢሆን ኖሮ ደረቁ፣ ኤፌክት የሌለበት ድምፅ በቀጥታ በሚክሰሩ ይሄዳል፣ የሚዘገየው ሪቨርቡ ብቻ ነው። ሪቨርብ 10 ሚሊሰከንድ ቢዘገይ ማንም አይጎዳም፤ እንዲያውም ቃሉ ጥርት ብሎ ይሰማል። ኤፌክቱን መቶ በመቶ ዌት አድርጉት፤ ከእሱ ኤፌክቱ ብቻ እንጂ ደረቁ ድምፅ አይውጣ። አለዚያ ደረቁ ድምፅ በሁለት መንገድ መጥቶ እርስ በርሱ ይጠፋፋል፤ ድምፁ በቱቦ ውስጥ ያለፈ ይመስላል። የድምፁን ከፍታና ዝቅታ የሚያቀራርበው ኮምፕረሰርና ድምፅ አስተካካይ የመሳሰሉት ግን በኢንሰርት ካልሆነ አይሆኑም። እነሱን በቀጥታ መድረክ ላይ በላፕቶፕ አትሥሩ።

ሙያውን ያስተማሩኝ ሰውዬ ሮላንድ ስፔስ ኢኮ ነበራቸው፤ በቴፕ የሚሠራው የኢኮ ማሽን። ቴፑ ሣጥኑ ውስጥ ተጠቅልሎ ይዞራል፣ ሦስት ማጫወቻ ጭንቅላቶች አሉት። ቴፑ ሲበጠስ በምላጭ ቆርጠው በሙጫ ወረቀት ይቀጥሉት ነበር። ሁልጊዜ ከመጀመራቸው በፊት መድረክ ላይ ወጥተው ማይኩ ፊት ቆመው ያጨበጭባሉ። ለምን እንደሆነ ጠይቄያቸው አላውቅም። አሁን ገብቶኛል፤ ድምፃዊው የሚሰማውን መስማታቸው ነበር።

የዛሬ ልጆች ይኼ ይጎድላችኋል። ዓይናችሁ ስክሪን ላይ ነው። መስመሩ ሲያምር ድምፁም ያማረ ይመስላችኋል፤ መድረኩን አታዩም። በሌላ በኩል እኛ ሦስት ዓመት የፈጀብንን በአንድ ሌሊት ከቪዲዮ ትማራላችሁ። ባፈር ምን እንደሆነ በደንብ ያስረዳኝም እንደናንተ ያለ ወጣት ነው።

ስለ ዲሌይ፣ ድምፁን ቆይቶ እንደ ኢኮ ስለሚመልሰው ኤፌክት፣ ልጨምር፤ ይኼን የሚነግራችሁ አይኖርም። ማሽኖቹ ሲመጡ ለአራት ምት ነው የሚዘጋጁት። የእኛ ችክችካ ግን ስድስት ስምንተኛ ነው፤ እያንዳንዱ ምት ለሦስት ይከፈላል። ምቱ 500 ሚሊሰከንድ ከሆነ፣ በግማሽ 250 ላይ የሚመለስ ኢኮ ሪትሙን ይሰብረዋል። 167 ወይም 333 ላይ አድርጉት፤ ከከበሮው ጋር ይሄዳል። ስለዚህ በእግር ወይም በጣት እየመቱ ጊዜውን የሚሰጡትና ለሦስት መክፈል የሚችል ማሽን ምረጡ። ቁልፎቹ በጨለማ የሚዳሰሱ ይሁኑ።

መብራትን በተመለከተ፣ ከአሜሪካ ዘመድ የሚልከውን ዕቃ ጀርባውን ሳታዩ እንዳትሰኩ። «120» ብቻ የሚል ከሆነ በእኛ 220 ይቃጠላል። ሚክሰሩንና የኤፌክት ማሽኑን ዩፒኤስ ላይ አድርጉ፤ ጄኔሬተሩ እስኪነሣ ያቆያችኋል። ጥሩ ኬብል ግዙ ብዬ አልጽፍም፤ ታውቁታላችሁ።

ማሽን ግዛ ልልህ ነበር የተነሣሁት። ግን ስትሠራበት የነበረው ሚክሰር ዲጂታል ከሆነ ምንም አትግዛ። ኤፌክቱ ውስጡ አለ። በጥሩዎቹ ድምፁ ገብቶ የሚወጣው በጥቂት ሚሊሰከንድ ነው። እኔም አሁን በዚያ ነው የምሠራው። አናሎግ ከሆነ ግን አንድ ያገለገለ ማሽን ፈልግ፤ ላፕቶፑን ለቀረጻ አቆየው።

ቅዳሜ ጠዋት ቤት ነኝ። ላፕቶፑንም፣ ሳውንድ ካርዱንም፣ አንድ ማይክም ይዘህ ና። ድምፃዊቷንም ይዘሃት ና።